ቀበቶውና ማህተሙ

እህቴን በቢሮዋ ደጅ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ግግሟ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የመሬት ጉዳይ የነበረው አንድ ሽማግሌ ነው። ደጋግማ ስትመልሰው ጊዜ ከዘራውን በመስኮቱ አስገብቶ ግንባሯን ፈነከታት። እሷ ደሙን በሻሿ ይዛ፣ «አባቴ፣ አሁንም ኃላፊው አልፈረሙበትም» አለችው። እኔ ብሆን ያንን ከዘራ እዚያው ሰብሬ እመልስለት ነበር። እሷ ግንባሯን ተሰፍታ በማግስቱ ሥራ ገባች፤ ሽማግሌውም አስፈርሞ መጣ፤ ማህተሙን መታችለትና በሰላም ሸኘችው። ሰውየው መርቋት ሄደ፣ ስሙ ግን ቀረባት።

እኔ ታናሿ ነኝ፤ ሥራዬ ብረት ብየዳ ነው። ንዴታም ነኝ፤ እሷ ደግሞ ንዴቴን እንዴት እንደምትቀሰቅሰው ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቅበታለች። የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማህተም ያዥ ናት። ሥራው ለሚያየው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ጠባብ ክፍል፣ ወደ ኮሪደሩ የሚከፈት መስኮት፣ የብረት መሳቢያ፣ ክብ ማህተም፣ ሐምራዊ ቀለም፣ በቃ። የመሳቢያው ቁልፍ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው፤ ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም። አስተዳዳሪው ይፈርማል፣ ማህተሙን ግን መያዝ አይችልም። እሷ ማህተሙን ትይዛለች፣ መፈረም ግን አትችልም። ሁለቱ ካልተገናኙ ደብዳቤው ለባለሱቁ ስኳር መጠቅለያ ነው።

አንድ ጊዜ የሱቄን ፈቃድ ይዤ ሄድኩ። አስተዳዳሪው ስብሰባ ወጥቶ ነበርና ፊርማ የለውም።

«ነገ ይፈርምበታል፤ አንቺ ዛሬ ምችልኝ» አልኳት።

«ነገ ና።»

«ወንድምሽ ነኝ እኮ!»

«እዚህ መስኮት ላይ ወንድም የለኝም» አለችኝ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታነሳ።

ደሜ ፈላ። መስታወቱን በቡጢ ብለው እጄ ተተለተለ። ተነሥታ መጣችና፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየን፣ በተሰበረው መስኮት በኩል እጄን ስባ አጥባ ጠቀለለችልኝ። ማህተሙን ግን አልመታችልኝም። የመስታወቱንም ዋጋ እኔው ከፈልኩ።

በዚያው ቀን ቤት ስትመጣ ለቀቅኩባት። «አንቺ ማን ነሽና ነው? ሰውየው ከፈለገ አለቀ አይደለም እንዴ?»

«አንድ ሰው ለብቻው ጀምሮ ለብቻው ከጨረሰማ አባዬ መሆኑ ነው» አለችኝ።

አባታችን የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ውጭ ሰው ቀና ብሎ አያይም፤ ቤት ሲገባ ግን ከሳሹ እሱ፣ ምስክሩ እሱ፣ ፈራጁ እሱ፣ ገራፊው እሱ ነበር። ቀበቶው ወፍራም ነው፤ ዘለበቱ ናስ። እናታችንን ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ በዘለበቱ አፏን ሲመታት ሁለት ጥርሷ ወለቀ። እኔን ጆሮዬ ላይ አሳርፎብኝ እስከ ዛሬ በግራ በኩል የሚያወራኝን ሰው አልሰማም። ለምን እንደመታኝ አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

እህቴ ያኔ ገና ልጅ ናት። አንድ ምሽት ቀበቶው ከተሰቀለበት ምስማር ላይ አወረደችውና ፍራሿ ሥር ከትታ ተኛችበት። ጠዋት አባዬ፣ «ቀበቶዬ የታለ?» አለ።

«እኔ ጋ ነው። ሥራ ስትሄድ እሰጥሃለሁ፤ ስትመጣ ደጅ ላይ ትመልስልኛለህ።»

በጥፊ አላት። ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ተነሥታም እዚያው ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱም መታት፣ በሌላው ቀንም። አፍንጫዋ ወደ ቀኝ የዞረው ያን ሰሞን ነው። ግን አልሰጠችውም። መጨረሻ ላይ ደከመው መሰለኝ፣ ማታ ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቅና ቀበቶውን ይሰጣታል። ከተናደደ መጥቶ ይጠይቃታል። እሷም ትጠይቀዋለች፦ «ለማን? ምን አጠፋ?»

መመለስ ነበረበት። «ሾርባው ቀዝቅዞ…» ይልና የገዛ አፉ ያወጣውን ሲሰማ ያፍራል። ዱላው ጨርሶ ቆመ አልልም፤ ቡጢ አለው፣ እግር አለው። ቤታችን ግን እንደ ቤት መተንፈስ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ፍራሽ አልጣለችውም።

እህቴ ማህተሙ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ ተሳስታለች። ማህተም ሲመታ ግማሹ ፊርማው ላይ፣ ግማሹ የፈራሚው ስም ላይ ማረፍ አለበት። ከፊርማው ርቆ ነጩ ላይ ካረፈ እንዳልተመታ ይቆጠራል፤ ማንም አጭበርባሪ ባዶ ማህተም አግኝቶ ከላዩ ሊፈርምበት ይችላላ። አንድ ዓርብ ሰልፉ በዝቶባት የአንድ እስረኛ መፍቻ ደብዳቤ ላይ ነጩ ላይ መታች። እስር ቤቱ በር ላይ ያለው ሹም ደግሞ ጆሮው ትልልቅ፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ከመነጽሩ በላይ የሚያይ ሰው ነበር። ደብዳቤውን አገላብጦ፣ «ይህ ማህተም ፊርማውን አላየውም» ብሎ መለሰው። እስረኛው እስከ ሰኞ ቆየ። ቅዳሜ ማታ ክፍላቸው ውስጥ በብርድ ልብስ ጠብ ተነሥቶ አንድ ዓይኑ ፈሰሰ።

ሰኞ ጠዋት እህቴ በሩ ድረስ ሄዳ ጫማዋን አውልቃ ሹሙን ፊቱ ላይ አለችው። አፍንጫው ደማ። ሰውየው ደሙን በእጅጌው ጠርጎ ጫማዋን አነሣና አቀበላት።

«የኔ እመቤት፣ ፊርማውን ይንካልኝ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አይባባሉም። መንገድ ላይ ከተያዩ አንዱ ይሻገራል። እሷ ግን የተጣለ ወረቀት እየሰበሰበች ስትለማመድ ከረመች፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልሳተችም። ስሙ ሲነሣ፣ «ክፉ ነው» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን ሕግ አይዘልም» ትላለች። ከእሷ አፍ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ከየት እንደመጡ ማንም በቅጡ ያልነገረን ታጣቂዎች ከተማው ውስጥ ገቡና ገበያውን ያዙ። በአንዱ ቀን የእነሱ ሰው እኔ ከምሠራበት የጋራዦች መንገድ ላይ በስለት ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። ማን እንደገደለው ዛሬም አይታወቅም። እነሱ ግን ከሥራችን ላይ እየጎተቱ በያጁን፣ መካኒኩን፣ ጎማ ጠጋኙን ሁሉ ለቀሙን። እኔን የመበየጃ መነጽሬን እንዳደረግኩ ነው የወሰዱኝ፤ በሰደፍ እየነዱ፣ «ለምርመራ» በሚል የአስተዳዳሪው ደብዳቤ እስር ቤት አስገቡን። የጎን አጥንቴ ያኔ ነው የተሰበረው።

የሟቹ ሰልስት ሳይወጣ አዛዣቸው ሊረከበን መጣ። የት እንደሚወስደን የማያውቅ አልነበረም፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የድንጋይ መፍለጫ ጉድጓድ ከእኛ በፊት ሌሎችን ውጧል። የበሩ ሹም ግን፣ «በአስተዳዳሪው ደብዳቤ ገቡ፣ በአስተዳዳሪው ደብዳቤ ይወጣሉ» አለው። አዛዡ ሳቀ። ከላይ መደበኛ ጦር የሰፈረበት ካምፕ ቅርብ ስለሆነ ተኩስ አልፈለገም። «ወረቀት ብቻ ነው? አመጣልሃለሁ» ብሎ ሄደ።

ቢሮ የሆነውን የነገረችኝ የጽሕፈት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ደረጃው ሥር ከመጥረጊያዎቹ ጋር ተደብቃ ሁሉንም አይታለች። አስተዳዳሪው ሽጉጥ ማጅራቱ ላይ ሲደረግ ፈረመ። አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት። ከዚያ አዛዡ ደብዳቤውን ይዞ ወደ እህቴ መስኮት መጣ። ወስዳ አነበበችው። የእኔን ስም እላዩ ላይ አየችው።

«ምን አጠፉ?» አለችው።

«ምን አገባሽ?»

«ሳልጠይቅ መትቼ አላውቅም።»

በሩን ገንጥለው ገቡ። አንዱ በሰደፍ አገጯን መታት። ክሩን ከአንገቷ ሲበጥሱት ቆዳዋን ይዞ መጣ። መሳቢያውን ከፍተው ማህተሙን አወጡ። አዛዡ በገዛ እጁ ሊመታው ሲል እህቴ በደማ አፏ፣ «የማህተም አመታቴን እስር ቤት ያውቁታል፤ አንተ ከመታኸው ይመልሱሃል» አለችው።

«እንግዲያው አንቺ ምቺው።»

«አልመታም።»

ቀኝ እጇን መሳቢያው ውስጥ ከተቱና መሳቢያውን በእርግጫ ዘጉባት። ከፈቱት፣ ደግመው ዘጉባት። ጽዳቷ፣ «አጥንቱ ሲሰበር ደረጃው ሥር ድረስ ሰማሁት» አለችኝ፤ ይህን ስትነግረኝ የገዛ እጇን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ነበር። እህቴ ጮኸች። እህቴ ስትጮህ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልሰማሁም፣ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ በማይሰማው በኩል።

«በቃ» አለች በመጨረሻ። «ስጡኝ፣ እመታለሁ።»

በግራ እጇ ማህተሙን አነሣች። ቀለሙን አስነካችው፣ አየችው፣ አስተካከለች። ከዚያ ከፊርማው በታች፣ ነጩ ላይ፣ ጥርት አድርጋ መታችው። አዛዡ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየውና ደስ አለው። ጽዳቷ ያኔ በልቧ፣ «ወንድሟን ሸጠችው» እንዳለች አልደበቀችኝም። እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ የተጨፈለቀውን እጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ታየው ነበር።

እስር ቤቱ ሁለት በር አለው። የውጭው በር ቁልፍ ሹሙ ጋ ነው፤ የውስጠኛው በር ቁልፍ ከውስጥ ያለው ሌላ ዘበኛ ጋ ነው። አንዱ የሌላውን አይዝም። እኔ ከውስጡ በር ቀዳዳ ላይ ተለጥፌ ነበር፤ ከጎኔ ጎማ ጠጋኙ ትከሻዬን ይዞ፣ «ምን ይላሉ? ምን ይላሉ?» ይለኛል።

ሹሙ ደብዳቤውን ተቀበለ። መነጽሩን አወረደ። አነበበ። ማህተሙ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህን ማን መታው?» አለ።

«ማህተም ያዧ ናታ» አለ አዛዡ።

«በገዛ እጇ?»

«በገዛ እጇ አልኩህ እኮ። አይተህ ክፈት።»

ሹሙ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። «ይህ ማህተም ፊርማውን አላየውም። ወስዳችሁ አስተካክሉ።» ዞር ብሎም ወደ እኛ በኩል፣ በቀጭን ድምፁ፣ «የውስጡ በር አይከፈት» አለ።

እኔ ሞኙ ተናደድኩ። ሞት ደጃችን ቆሞ ይኼ ሰውዬ ስለ ቀለም ያወራል ብዬ ጥርሴን አፋጨሁ። አዛዡ ሽጉጡን አውጥቶ ሆዱ ላይ ተኮሰበት። ሹሙ ግንቡን ተደግፎ ቀስ እያለ ተቀመጠ። ቁልፉን ከወገቡ ፈተው የውጭውን በር ከፈቱና የውስጡን በሰደፍና በድንጋይ ይቀጠቅጡት ጀመር። ዘበኛው ቁልፉን እጁ ላይ ጨብጦ እያለቀሰ ቆመ፤ አልከፈተም። በቀዳዳው ተኮሱ። ጎማ ጠጋኙ አንገቱ ላይ ተመታና እላዬ ላይ ወደቀ። በሁለት እጄ ቁስሉን ደፈንኩት፤ ደሙ በጣቶቼ መሃል ይወጣል። አንድ ቃል ሳይናገር እቅፌ ላይ አለፈ። ከግንቡ ላይ ያሉት ዘበኞች መተኮስ ጀመሩ፣ ተኩሱን ሰምቶ ጦሩ ከካምፑ ወረደ፣ እነዚያም ሬሳቸውን እየጎተቱ ሸሹ። የውስጡ በር ሲከፈት ሹሙ እዚያው ግንቡ ሥር ነበር። መነጽሩ ጭኑ ላይ ወድቋል። በሕይወት አልነበረም።

እህቴን ሆስፒታል አገኘኋት። ሁለት ጣቷን ቆርጠውታል፤ የቀሩትም አይታጠፉም። በሕይወት ቆሜ እያየች መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰላችሁ?

«የበሩ ሹምስ?»

ነገርኳት። ወደ ግድግዳው ዞረች።

«እኔ ከሞት ተርፌ ቆሜልሽ ስለ እሱ ነው የምትጠይቂኝ?» አልኳት። ንዴቴ መጣ፤ ከንዴቴ በታች ግን ፍርሃት ነበር።

«እንደሚመልሳቸው አውቄ ነው ነጩ ላይ መትቼ የላክኋቸው» አለች። «ስታየው ምን ታደርጋለህ ብዬ አልጠየቅሁትም። አንተን ላድን ብዬ እሱን አቀበልኳቸው። ለብቻዬ ጀመርኩ፣ ለብቻዬ ጨረስኩ። አባዬን ሆንኩ።»

«ጥይቱን አንቺ አልተኮስሽም» አልኳት። ከሆስፒታል ወጥታም ወራት እንደዚያው ሆነች፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የምትናገረው ግን ከጉሮሮዋ በላይ ነው። ያሳመመኝ ያ ነው። ተርፌ ቆሜ በመሄዴ ያፈርኩበት ቀን ብዙ ነው።

ጊዜው ሲረጋጋ አዲስ አስተዳዳሪ ተሾመ። «በጤናሽ ምክንያት ጡረታ ውጪ» አሏት፤ እምቢ አለች። ግግሟ ናታ! ግራ እጇ ይንቀጠቀጣል። ቤት ጠረጴዛዬ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግታ ክብ ክብ እየመታች ትውላለች፤ ጠረጴዛው ሐምራዊ ሆነ። እኔ ስጮህባት፣ «ቀለም ትቀባዋለህ፣ በያጅ አይደለህ?» ትለኛለች። ከሐዘኗ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ስለነበር ሌላ ጋዜጣ አመጣሁላት።

ሥራ በተመለሰች ሰሞን መሳቢያውን በአንድ እጅ ከፍቶ መዝጋት ስለሚያቅታት ጠዋት ጠዋት አብሬያት እሄድ ነበር። አንድ ቀን ጥቁር የለበሰች ሴት መስኮቱ ላይ ቆመች። የሹሙ ሚስት ናት። የእሷና የልጆቿ የጡረታ ደብዳቤ ነው የያዘችው፤ አስተዳዳሪው ፈርሞበታል። እህቴ የሹሙን ስም ስታነብ ፊቷ አመድ መሰለ።

ሴትየዋ የእህቴን እጅ አየችው። «አንቺ ነሽ ያቺ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«በጫማ የመታሽው?»

«አዎ።»

ሴትየዋ ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስላንቺ ቤት ያወራ ነበር። ‹የሌላውን መሥሪያ ቤት ማህተም በመነጽር አየዋለሁ፤ የእሷን ግን አላየውም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማሳልፈው፤ ከዚያች ከጫማዋ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አልሳተችም› ይል ነበር።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ገና አሁን ገባኝ።

«‹ማን መታው› ብሎ ጠይቋል አይደል ያልከኝ?» አለችኝ።

«ጠይቋል። ‹በገዛ እጇ?› ብሎም ደገመ።»

«ከዚያስ?»

«ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ነው የመለሰላቸው።»

እህቴ አለቀሰች። አባዬ አፍንጫዋን ሲሰብራት ያላለቀሰችው፣ እጇ መሳቢያ ውስጥ ሲሰበር ያላለቀሰችው ሴት፣ ሰልፈኛው እያያት፣ መስኮቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሆን ብላ እንደሳተች አውቋል ማለት ነው። ምን እንደላከችበት አውቆ፣ ከፍቶ መዳን ሲችል፣ የራሱን ድርሻ እሱ ወስኖ ነው የሞተው። የሹሙ ሚስትም ደብዳቤውን ለቃ የእህቴን የተጨፈለቀ እጅ ያዘች። ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ሰልፉ!» ሲል ዞሬ አፈጠጥኩበት።

ከዚያ እህቴ ፊቷን ጠረገች። ማህተሙን በግራ እጇ አነሣች፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ መልሳ አስቀመጠችው። ሴትየዋን፣ «ወረቀቱን ያዥልኝ» አለቻት። ሴትየዋ በሁለት እጇ ያዘችላት። መታች። አንሥታ አየችው፣ ከዚያ ገልብጣ ወደ ሴትየዋ አዞረችው።

«ፊርማውን ነክቷል» አለቻት።

ሴትየዋ ደብዳቤውን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ሄደች። እህቴ ማህተሙን ቦታው አስቀመጠች፤ መሳቢያውን እኔ ቀስ አድርጌ ዘጋሁላት።